ሳልጽፈው የቀረሁት የአያ ሞላ ቃል

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር ሸሕዲ ላይ ለአንድ የውይይት መድረክ ተጠራሁ። የጥሪው ወረቀት «የረጅም ጊዜ ልምድ ያላቸው» ይላል። አርጅተሻል ለማለት መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበት የጨዋ አነጋገር ነው። አዳራሹ ውስጥ ወጣት ዐቃብያነ ሕግና ጠበቆች፣ ጥቂት መምህራን፣ እንደኔ ያሉ ጥቂት የድሮ ፖሊሶችም ተቀምጠናል። ርዕሱ ሰንደቅ ዓላማን ማዋረድ በወንጀል ይቀጣ ወይስ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ነው ተብሎ ይታለፍ የሚል ነበር።

አንድ ቀጠን ያለ ዐቃቤ ሕግ ተነሣና «ባንዲራ ተራ ጨርቅ አይደለም፤ የሞቱለት ሰዎች አሉ። እነሱ ተነሥተው መከራከር ስለማይችሉ ሕግ ይከራከርላቸው» አለ። ተጨበጨበለት፤ እኔም አጨበጨብሁ። ቀጥላ አንዲት ጠበቃ ተነሣችና «ደስ የሚለንን ንግግርማ ማን ይከለክላል? ነፃነት የሚፈተነው አንጀታችንን የሚያሳርረውን ሰው ቁጭ ብለን መስማት ስንችል ነው» አለች። ለሷም ተጨበጨበላት፤ ለሷም አጨበጨብሁ። አጠገቤ የነበረው መምህር ጠጋ ብሎ «ሳጅን፣ እርስዎ ከየትኛው ወገን ነዎት?» ሲል ሳቀብኝ።

ከዚያ መድረኩን የሚመራው ሰው «እስኪ ሳጅን ይርገዱ፣ ከልምድዎ ያካፍሉን» አለ። ተነሣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዲናገር ስጠይቅ የኖርሁት ሴት፣ እኔ ስጠየቅ አፌ ተያዘ። «አመሰግናለሁ» ብዬ ተቀመጥሁ። ሰዉ ትሕትና መሰለው።

ትሕትና አልነበረም። ለመናገር የፈለግሁት ነገር ለአዳራሽ የሚበቃ ስላልሆነ ነው። መተማ ዮሐንስ ላይ በምሠራበት ጊዜ አንድ ባንዲራ ያቃጠሉ ሰው ቃላቸውን ሰጥተውኝ፣ እኔ ሌላ ቃል ጻፍሁባቸው። ሰውየው በሕይወት አሉ። ምን እንዳደረግሁባቸው ግን አያውቁም ነበር። ከዚያ አዳራሽ ስወጣ፣ ይኸን ሳልነግራቸው የጡረታ እንጀራ እንደማይዋጥልኝ ገባኝ። ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው።

እኔ የበለሳ ልጅ ነኝ። ከሥልጠና እንደወጣሁ መጀመሪያ የተመደብሁት አብርሃ ጅራ ነበር። የደረስሁት በሰሊጥ አጨዳ ወራት ነው። ከተማው በጭነት መኪናና ከየደጋው ለአጨዳ በወረደ ሠራተኛ ተጨናንቋል፤ እነዚህን ሠራተኞች አገሬው ሳሉግ ይላቸዋል። ሙቀቱ የጫማዬን ማስቲሽ አቅልጦ ሶሉን ለየው። የጣቢያው አዛዥ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ሴት ነው የላኩልን?» አሉ። «እንደሚያዩት» አልሁ። ሳቅ ብለው «አፍ አላት፤ ለአለነ ስጧት» አሉ። ዕድሌ የተቃናው በዚያች ቃል ነው።

ምክትል ኢንስፔክተር አለነ የምርመራ ክፍሉ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው፤ ሰው ይናገራል፣ መርማሪው ይጽፋል። ጋሼ አለነ ግን ቃል መቀበልን እንደ ቅዳሴ ነበር የያዙት። የገባው ሌባም ይሁን ሰካራም መጀመሪያ ከጀሪካኑ ውኃ በጣሳ ቀድተው በሁለት እጃቸው ይሰጡታል። ከፍትፍቱ ፊቱ እንዲሉ፣ ብዙው ሰው ገና ውኃውን ሲጨርስ ቁጣው ይበርድለታል። ከዚያ ዱካቸውን፣ ያችን አጭር በርጩማ፣ ስበው ከሰውየው ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። «ወንበር ላይ ሆኘ ስጠይቀው ለመንግሥት ነው የሚመልስልኝ» ይሉ ነበር።

መጀመሪያ የሚጽፉት በእርሳስ ነው። እኛ ሌሎቻችን ሰው አፉን ሳይከፍት «ከላይ በተጠቀሰው ዕለትና ሰዓት» ብለን ጀምረናል። እሳቸው ዘንድ ይኸ የለም። ሰውየው «ላሜን ሳጣ ሆዴ ጎረቤቴን ጠረጠረው» ካለ፣ ወረቀቱ ላይም ሆዱ ነው የሚጠረጥረው። ሲጨርሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡለታል። አንብበው «ይኸ ቃል ያንተ ነው የእኔ?» ይሉታል። ሰውየው ግንባሩን ቋጠር ካደረገባት ቃል ላይ ላጲስ ያሳርፋሉ። እስክሪብቶ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

የመጨረሻው ልማዳቸው ግን ብዙ ቀን ግራ ሲያጋባኝ ኖሯል። «የምትጨምረው አለህ?» ብለው ይጠይቁና መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ይጠርጋሉ፣ ይጠርጋሉ። ያለ መነጽር ከአፍንጫቸው ወዲያ ነገር አይታያቸውም። አንድ ቀን አልቻልሁምና «ጋሼ፣ መነጽሩ እኮ ንጹሕ ነው» አልኋቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «አንች ልጅ፣ ዋናው ነገር የሚወጣው ጥያቄው ካለቀ በኋላ ነው። ሰው ትክ ብለሽ ስታይው ያፍራል። እኔ እንደማላየው ሲያውቅ የደበቀውን ያወጣዋል። አንችም ስታረጂ መነጽር አይቅርብሽ።»

የመጀመሪያዋ የባንዲራ መዝገቤ የመጣችው ከእሳቸው ጋር ሳለሁ ነው። ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ እየታሰረ በክምር ይቆማል፤ ሂላ ይሉታል። ሲደርቅ እየገለበጡ ሸራ ላይ ያራግፉታል። ፍሬው እንደ አሸዋ ስለሆነ ሸራው ቀዳዳ ካለበት መሬት ይጠጣዋል። አንድ የጎጃም ልጅ የእርሻ ካምፑን ባንዲራ አንጥፎ ሰሊጥ አራግፎበታል ተብሎ ከነባንዲራው ተይዞ መጣ። ካቦው፣ የሠራተኞቹ አለቃ ማለት ነው፣ «አገር ተዋረደች» እያለ ይጮኻል። ልጁ ውኃውን ጠጣና እንዲህ አለ፦

«ጌታው፣ ሰሊጧ መሬት ላይ ስትፈስ አንጀቴ እንቢ አለኝ። ሸራው ወንፊት ሁኗል። ያች ባንዲራ ደሞ ከእንጨቷ ወድቃ አፈር ለብሳ ነው ያገኘኋት። አጠብኋት፣ አደረቅኋት፣ አነጠፍኋት። የሚበላ ነገር ነው ያፈሰስሁባት። ቆሻሻ አላስነካኋትም።»

ጋሼ አለነ እንዳለ ጻፉት። ከዚያ መነጽራቸውን መጥረግ ያዙ። ልጁ ትንሽ ቆይቶ «ሥራ ስጨርስ አጥፌ ትራሴ ሥር ነው የማደርጋት። ሌላ ንጹሕ ነገር የለኝማ» አለ። ጋሼ ይችንም ጻፉና ወደ ካቦው ዞረው «ወድቃ አፈር ስትለብስ የካምፑ ኃላፊ ማን ነበር?» አሉት። ካቦው ወዲያው ሥራ እንዳለበት ትዝ አለው። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን አንብቦ ሲስቅ ከግቢ ውጭ ተሰማ፤ መዝገቡም በዚያው ተዘጋ።

«አየሽ» አሉኝ ጋሼ፣ «እኔ በራሴ አፍ ብጽፈው ኖሮ ‹ሰንደቅ ዓላማውን ለሰሊጥ ማራገፊያ በመጠቀም አዋርዷል› ነበር የምለው። ሐሰት አይደለም እኮ። እውነትም አይደለም።»

ይችን አባባል በልቤ ይዤ ሸሕዲ ተዛወርሁ። እዚያ ሪፖርት የሚወድ አለቃ ገጠመኝ፤ ሰው ሲሞት እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ገጽ እንደሆነ ነው። ማዕረጉ በየጊዜው ዘገየ፣ ደመወዙም ከገበያው ጋር እየተሯሯጠ ተሸነፈ፤ ይኸ የሁላችንም ታሪክ ስለሆነ አላስረዝመውም። ጋሼ አለነ ጡረታ ወጥተው ጎንደር ገቡ፤ ጥቂት ዓመት ቆይተውም አረፉ። ለቅሷቸው ላይ ተገኝቼ እንደ አባቴ አለቀስሁላቸው።

መተማ ዮሐንስ ስመደብ ጎበዝ መርማሪ እባል ነበር። የድንበር ከተማ ሥራ አያልቅም። ከሱዳኗ ገላባት በእግሩ የሚሻገረው፣ ኬላ ላይ የሚያዘው ዕቃ፣ የባጃጅ ግጭት፣ የነጋዴ ጠብ። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ኮከብ ያለውና የሌለው ባንዲራ ክርክር አለ። ፋይሉ ሲከመር በእርሳስ መጻፉን ተውሁት። ዱካዋም ተሰበረች፤ አላሠራኋትም። «ከላይ በተጠቀሰው ዕለትና ሰዓት» የሚለው የኔም ብዕር ላይ መጣ። አለቆቼ አመሰገኑኝ። በቀን የማዘጋጀው መዝገብ ብዛት ከማንም በላይ ነበር። ያበላሸኝ ስንፍና ቢሆን ኖሮ ባልተቆጨሁ፤ ያበላሸኝ ቅልጥፍና ነው።

አያ ሞላ የመጡት በዚያ ዘመን ነው። በሸሕዲና በመተማ ዮሐንስ መንገድ ካሉት ቀበሌዎች በአንዷ፣ ስሟን አልጠራም፣ የትምህርት ቤት ጥበቃ ነበሩ። ባንዲራ ጠዋት የሚሰቅሉትና ማታ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው። የቆላ ፀሐይ ቀዩን ቀለም በአንድ በጋ ሮዝ ታደርገዋለች፤ ነፋሱም ጠርዙን ይተለትለዋል። የሳቸው ባንዲራ ግን ጠርዙ ተዘምዝሞ፣ ታጥቦ፣ ሁልጊዜ ደህና ነበር ይሉኛል የሚያውቋቸው።

በሰንደቅ ዓላማ ቀን የቀበሌው ሰው፣ ተማሪውና ኃላፊው ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰብስቧል። አያ ሞላ ጋቢያቸውን ለብሰው ገቡ። ልጃቸው በዋዜማው በወሊድ ሞታ አስከሬኗ ቤት ነበር፤ ሰዉ ፈቃድ ሊጠይቁ የመጡ መሰለው። መዝሙሩ እስኪያልቅ ቀጥ ብለው ቆሙ። ካለቀ በኋላ ወደ ምሰሶው ሄዱ፣ እንደ ሁልጊዜው ገመዱን ፈቱ፣ ባንዲራውን አወረዱ፣ መሬት ላይ አድርገው ክብሪት ለኮሱበት። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሆነ ነገር ይናገሩ ነበር፤ ድምፅ ማጉያው እየዘፈነ ስለነበር ግን የሰማ የለም። አስር አለቃ ፈንታ የሚባሉ የድሮ ወታደር ከወንበራቸው ተነሥተው በባዶ መዳፋቸው እሳቱ ላይ ወደቁ። እጃቸው ተቃጠለ። ከባንዲራው የተረፈው አንድ ጠርዝ ብቻ ነው።

ከሰዓት በፊት እኔ ፊት አስቀመጧቸው። ውኃ አልሰጠኋቸውም። ቃል መቀበያ ቅጹን ካርቦን አስገብቼ አዘጋጀሁ። መብታቸውን በጥድፊያ አነበብሁላቸው። እሳቸው ግን እኔን ሲያዩ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። ሴት ስለሆንሁ ይመስለኛል።

«ልጄ፣ አንች ትረጅኛለሽ» ብለው ጀመሩ። «ልጄን ምጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ደም አልቆም አላት። ‹ሆስፒታል ትሂድ፣ አምቡላንስ ይጠራ› አሉ። አምቡላንሱ የለም። የት ሄደ? ለነገው በዓል ወንበርና ድምፅ ማጉያ እያመላለሰ ነው። እየሮጥሁ ሄድሁ። ትምህርት ቤት በር ላይ አገኘሁት። ‹ልጄ እየሞተች ነው› አልሁ። ‹ይኸን አራግፈን› አሉኝ። እኔው ራሴ ወንበሩን አራገፍሁላቸው እኮ፣ ቶሎ እንዲያልቅ! ኋላ ተውሁት፤ በባጃጅ ጫንኋት። መንገድ ላይ እጄ ላይ ቀረች። ሕፃኗ ተርፋለች።»

በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉና ቀጠሉ።

«የባንዲራዋን ጠርዝ የምትዘመዝማት እሷ ነበረች። በነጭ ክር። ዛሬ ጠዋት አየኋት፣ የሷ ስፌት ከላይ ሲውለበለብ። እሷ ቤት ተዘርግታ። ‹አንችን ለማክበር ልጄን ከለከሉኝ፣ እንግዲህ አንችም አትኑሪ› አልኋት። እንዲህ ነው ያልሁት። ጠልቻት አይደለም። እሷን ካልነካሁ ማንም አይሰማኝም ብዬ ነው።»

ይኸን ሁሉ ሰማሁ። ዛሬም ቃል በቃል ይሰማኛል። በዚህ መካከል አለቃዬ በሩን ገፋ አድርጎ ጠራኝ። ኮሪደሩ ላይ ቀስ ብሎ «ከላይ ሪፖርት እየጠበቁ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ይለቅ። የአምቡላንሱን ወሬ መዝገቡ ውስጥ አታስገቢው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ልጆች ያሉት፣ የሚፈራ ሰው ነበር። እኔም ፈራሁ። «እሽ» አልሁ።

ተመልሼ ተቀመጥሁና ጻፍሁ፦ «ከላይ በተጠቀሰው ዕለትና ሰዓት ሰንደቅ ዓላማውን ከተሰቀለበት በማውረድ፣ ሆን ብዬ ለማዋረድ በማሰብ በክብሪት አቃጥያለሁ።» አራት መስመር አልሞላም። አላነበብሁላቸውም። «እዚህ ላይ ይፈርሙ» አልኋቸው። አያ ሞላ ፊርማ እንጂ ንባብ ብዙም አይሆንላቸውም። እስክሪብቶውን ተቀበሉኝና ቀና ብለው አዩኝ።

«ጻፍሽው፣ ልጄ? ሁሉን?»

«ጽፌዋለሁ» አልሁ።

ፈረሙ። «ተባረኪ» አሉኝ።

ፍርድ ቤት ምስክር ልሆን ስለምችል ተገኝቼ ነበር። ተከላካይ ጠበቃው የዚያን ዕለት ብዙ መዝገብ ታቅፎ የመጣ ልጅ ነው፤ ከአያ ሞላ ጋር የተነጋገረው በር ላይ ነው። ቢሆንም ተነሥቶ ሞከረ። «ተከሳሹ ሐዘን ላይ የነበሩ ሰው ናቸው። ድርጊቱ ባንዲራን ከመጥላት ሳይሆን ሐሳብን ከመግለጽ የመነጨ ሊሆን ይችላል» አለ። ዳኛው መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉት። «ምን ሐሳብ? ተከሳሹ ምን ለማለት እንደፈለጉ እዚህ መዝገብ ላይ የለም» አሉ። ቀጥለው አያ ሞላን «ይህ ቃል የእርስዎ ነው? የሚጨምሩት አለ?» ብለው ጠየቋቸው።

አያ ሞላ በእጃቸው ወደኔ ጠቆሙ። «የእኔ ነው፣ ጌታዬ። የምለውን ሁሉ ለሳጅኗ ነግሬያታለሁ። ጽፋዋለች» አሉ።

ያን ጊዜ መነሣት ነበረብኝ። አልተነሣሁም። ስምንት ወር ፈረዱባቸው፤ ከሥራቸውም ወጡ። ሲወጡ አጠገቤ አለፉ፤ ቀና ብለውም አላዩኝ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል የአገሬ ሰው። ከአያ ሞላ ላይ ሁለቱም ጠፋ፤ የወለዷትን ሌሎች አጠፉባቸው፣ የተናገሩትን እኔ።

ከዚያ በኋላ እንደገና በእርሳስ መጻፍ ጀመርሁ። ዱካም አሠራሁ። መነጽርም ዕድሜ አመጣልኝ። ደህና ሥራ ሠርቻለሁ ብዬ የማስባቸው መዝገቦች አሉ፤ አንዳቸውም ግን ያችን አራት መስመር አልሸፈኑልኝም።

ጡረታዬ ሲደርስ የኤግዚቢት ቁም ሣጥኑን አስረከብሁ። ፍርድ ያለቀባቸው ዕቃዎች በሦስት ሰው ኮሚቴ ይወገዳሉ፤ አንዷ እኔ ነበርሁ። ከአንድ ቡናማ ፖስታ ውስጥ አንድ ስንዝር የማትሞላ የተለበለበች ቁራጭ ወጣች። ዝርዝሩ ላይ «የተቃጠለ ጨርቅ፣ አንድ» ይላል። ወደ መስኮቱ ይዣት ሄድሁ። በነጭ ክር፣ እኩል እኩል ሆኖ በእጅ የተሰፋ ጠርዝ ነበር። እንባዬ መጣ። ለሁለቱ የኮሚቴ አባላት ያኔ ነው የነገርኋቸው። ወጣቱ ኢንስፔክተር «ትምህርት ቤቱ ነው ባለቤቱ፤ ለሰው አይሰጥም» አለ። ሌላው «የትምህርት ቤቱ የነበረው ተቃጥሏል፤ የቀረው ስፌቱ ነው» አለው። ትንሽ ተከራከሩና ቃለ ጉባኤው ላይ «ጠርዙን ለሰፋችው ቤተሰብ ተመላሽ» ተብሎ ተጻፈ። በመሥሪያ ቤቱ የፈረምሁበት የመጨረሻው ወረቀት ይኸ ነው። ቁራጯን ተቀብዬ ግን ሦስት ወር ሙሉ ቤቴ አስቀመጥኋት። የማደርስበት ፊት አልነበረኝም።

ከሸሕዲው አዳራሽ በወጣሁ ማግሥት ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርሁ። የአያ ሞላን ቤት ማንም ያሳያል። ግቢያቸው ውስጥ ከአንዲት ኔም ዛፍ ሥር ሁለት ሽማግሌዎች ከርከዴ እየጠጡ ተቀምጠዋል። አንዱ አያ ሞላ ናቸው። የሁለተኛውን ብርጭቆ የያዙትን እጆች ሳይ ደነገጥሁ። መዳፋቸው ተጨማዶ የዳነ ጠባሳ ነው። አስር አለቃ ፈንታ ናቸው።

ግራ መጋባቴን አይተው አስር አለቃው ሳቁ። «ምን ታፈጥጭብናለሽ፣ ተቀመጭ እንጅ። የአምቡላንሱን ነገር ከተፈረደባቸው በኋላ ሰፈር ሲወራ ሰማሁ። ስንቅ ይዤ እስር ቤት ሄድሁ። በዚያው ወዳጅ ሆነን ቀረን።»

«አልተጣላችሁም?» አልሁ።

«በምን እንጣላለን? እኔ አሁንም ባንዲራ መቃጠል የለበትም ነው የምለው። ዛሬም ቢያቃጥሏት በዚችው እጄ ነው የማጠፋት።»

«አውቃለሁ» አሉ አያ ሞላ። «ባያጠፉማ ምኑን ፈንታ ሆኑት።»

ፖስታውን አውጥቼ ለአያ ሞላ ሰጠኋቸው። ከፍተው አዩት። በአውራ ጣታቸው ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሱት። ከዚያ ቁራጯን ጉልበታቸው ላይ ዘረጓት። እንዲያ ሳሉ ልናገር ብዬ ፈራሁ፤ ካልተናገርሁ ደግሞ እንደማልናገር አውቃለሁ።

«አያ ሞላ፣ ያን ዕለት የነገሩኝን አልጻፍሁትም» አልኋቸው። «አምቡላንሱን አልጻፍሁም፣ ስፌቱን አልጻፍሁም። ሊያዋርዱ አስበው አቃጠሉ ብዬ ብቻ ነው የጻፍሁት። ዳኛው የእርስዎን ቃል አልሰሙም። ጽፌዋለሁ ብዬ ዋሸሁዎት።»

ትክ ብለው አዩኝ። የጠበቅሁት ቁጣ ነበር፤ ቢመቱኝም አልከፋኝም።

«አልሰሙኝም?» አሉ።

«አልሰሙዎትም።»

«እኔ እኮ ሰምተው ነው የፈረዱብኝ ብዬ» አሉ። «ስምንት ወር ሙሉ አንድ ነገር ነው ሳስብ የኖርሁ። ልጄ እንዴት እንደሞተች ሰምቶ፣ አንብቦ፣ ‹ይታሰር› የሚል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ከወጣሁ ወዲህም ሰው ማመን አቃተኝ። አልሰሙም እንዴ?»

አለቀስሁ። አስር አለቃው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። አያ ሞላ ተነሡና ወደ ቤት ገቡ፤ አለቀልኝ፣ ሊያባርሩኝ ነው አልሁ። ጣሳ ይዘው ወጡ። ውኃውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ጠጭ» አሉ። «ጠጭና ጻፊ። ያን ጊዜ ያልጻፍሽውን አሁን ጻፊ።»

«አያ ሞላ፣ ፍርዱ አልቋል። እኔም ጡረተኛ ነኝ፤ ይኸ ወረቀት ማኅተም የለውም።»

«ለሚሰማ ሰው አንብቢለት።»

የአዳራሹ ዐቃቤ ሕግና ያች ጠበቃ ትዝ አሉኝ። ለሁለቱም እንደማነብላቸው ቃል ገባሁ። ስለ ሕጉ ዛሬም ቢጠይቁኝ የማውቀው ትንሽ ነው። ባንዲራ ሲወጣ እስካሁን ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፤ ሲቃጠል ማየትም አልወድም። ሕጉ ይኑር የሚሉትን የአስር አለቃ ፈንታን እጅ አይቻለሁ። ይቅር የሚሉትም እውነት አላቸው። እኔ የምለው፣ ልትቀጡትም ሆነ ልትለቁት የፈለጋችሁት ሰው መጀመሪያ ምን እንዳለ ይጻፍ ነው።

ከቦርሳዬ ደብተርና እርሳስ አወጣሁ። ከዛፉ ሥር አንዲት አጭር ዱካ ነበረች፤ ስቤ ከሳቸው ዝቅ ብዬ ተቀመጥሁ። ከምጡ ጀምረው ነገሩኝ። ወንበሮቹን እንዴት እንዳራገፉ፣ ባጃጁ የት እንደቆመ፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ ለምን እንደጠበቁ። «ሳያልቅ ማውረድ ነውር ነው» አሉ። ጻፍሁት። አነበብሁላቸው። አንድ ቦታ ላይ ግንባራቸው ቋጠር አለ፤ «ተቆጣሁ» ብዬ የጻፍሁትን ላጲስ አሳርፌ እንዳሉት «ጨነቀኝ» አደረግሁት።

«የሚጨምሩት አለ?» አልኋቸው። መነጽሬን አወለቅሁና በነጠላዬ ጠርዝ መጥረግ ጀመርሁ። ዛፉም፣ አስር አለቃውም፣ አያ ሞላም ደበዘዙብኝ። ረጅም ጊዜ ጠረግሁ።

«ስሟ የለበትም» አሉ።

መነጽሬን አድርጌ ደብተሩን አየሁት። እውነታቸውን ነው። ልጄ፣ ልጄ ሲሉ ነው የነገሩኝ፤ እኔም ልጄ፣ ልጄ እያልሁ ነው የጻፍሁት። በዚያ በአሮጌው መዝገብ ላይም፣ በክሱም ሆነ በፍርዱ፣ ስሟ አንድ ቦታ አልተጠራም።

«ብርቱካን ሞላ በይ» አሉ። «የባንዲራዋን ጠርዝ ትዘመዝም የነበረችው ብርቱካን ሞላ።»

ጻፍሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላቸው። «ይኸ ቃል ያንቱ ነው የእኔ?» አልኋቸው።

«የእኔ ነው» አሉ፤ እጃቸውን ለእርሳሱ ዘረጉ። «አሁን የት ላይ ነው የምፈርመው?»